ባለቤቴ የሠራባቸው ቺንጋዎች

ባለቤቴ ያረፈው ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ድንኳኑ ፈርሶ ለቀስተኛው ወደየቤቱ ሲበተን፣ ደባርቅ ያለው ቤታችን ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ልጅ አልነበረንም።

ከቤቱ ጀርባ ያለችው የቆርቆሮ ክፍል የእሱ የሥራ ቦታ ነበረች። ቢላዋ ይሠራል። የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ቆርጦ፣ በከሰል አግሎ፣ ቀጥቅጦ ቅርጽ ያስይዘዋል፤ ከዚያ ዘይት ውስጥ ነክሮ ያጠነክረዋል። ስለቱን የሚያወጣው ግን በማሽን ነው። ማሽኑን የገጣጠመው ራሱ ነው፤ ሞተሩን ያገኘው ሥራ ካቆመ ወፍጮ ቤት ነው። ሞተሩ ቺንጋ ያሽከረክራል። ቺንጋው እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር፣ ጫፍና ጫፉ ተጋጥሞ ቀለበት የሆነ ጨርቅ ነው። ሻካራው ብረቱን እየበላ ያሳሳዋል፣ ልሙ ደግሞ ያጠራዋል። እኔ ውሃ አቀብለው ነበር። ብረቱ ግሎ ጥንካሬውን እንዳያጣ ቶሎ ቶሎ ባልዲው ውስጥ ይነክረዋል፤ ውሃው ሲሞቅ እቀይርለታለሁ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የእኔ ሥራ ይኸው ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ዳባት ነው የሚኖሩት፤ መሪጌታ ናቸው። ከለቅሶው በኋላ አንድ ጠዋት መጡ።

«እታለም፣» አሉኝ በሩ ላይ እንደቆሙ፣ «ብረታ ብረቱን ለሚፈልገው ሰው ስጪና ከእኛ ጋር ኑሪ። እዚህ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?»

«ለፋሲካ ቢላዋ ያዘዘ ሰው አለ፤ ሥራውን ልጨርስ።»

«ማነው የሚጨርሰው?»

«እኔ ነኛ።»

ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ከቤተ ክህነት ቤት ወጥቼ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ሳገባም እንዲሁ ፊታቸውን ነበር ያዞሩት። ክፉ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም። ግን ባለቤቴ በሕይወት ሳለ አንድም ቀን ቤታችን ገብተው እህል አልቀመሱም። ያን ጠዋትም እንዲቀመጡ ለምኛቸው፣ «መኪና እንዳያመልጠኝ» ብለው ሄዱ።

ቢላዋዎቹን ያዘዘው የልኳንዳ ቤት ባለቤት ነበር። ባለቤቴ ብረቶቹን ቀጥቅጦ አጠንክሮ ጨርሷቸዋል፤ የቀረው ስለት ማውጣትና እጀታ መግጠም ነው። ምስማር ላይ የተሰቀሉትን ቺንጋዎች አየኋቸው። ሁሉም የተሠራባቸው ናቸው። መሐላቸው፣ እሱ ብረቱን ይጫንበት በነበረው በኩል፣ ግራጫ ሆኖ ለስልሷል። እጄን ሳሳርፍበት አልቧጠጠኝም። ማለቃቸውን አውቄያለሁ። «ያለቀ ቺንጋ አይበላም፣ ያቃጥላል» እያለ እያወለቀ ሲጥል ስንቴ አይቼዋለሁ። ግን እነዚህ በመጨረሻ የሠራባቸው ናቸው። ከምስማሩ ላይ አውርጄ በሌላ መተካት አልሆነልኝም።

እነሱኑ ገጥሜ ሠራሁ። ብረቱ እምቢ ሲለኝ አጥብቄ ተጫንኩት። ከመጋሉ የተነሳ ስለቱ አካባቢ ሰማያዊ ቀለም ብልጭ አለ፤ ባልዲው ውስጥ ነከርኩት፤ ቀለሙ ግን አልጠፋም። በልሙ ቺንጋ አሸሁት፣ ተሸፈነልኝ። እጀታውን ገጥሜ የመጀመሪያውን ቢላዋ ለባለልኳንዳው ላክሁለት።

ብዙም ሳይቆይ ራሱ ይዞት መጣ።

«እትዬ፣ እንዳይቀየሙኝ፣» አለ፤ ዓይኔን ማየት አፍሯል። «ቆዳ ላይ ሞክሬው ነበር። ወዲያው ዶለዶመ። ሞረድኩት፣ አሁንም ዶለዶመ። ይኸ የእሳቸው ሥራ ነው?»

«የእኔ ነው፤» አልኩት።

«ከሌላ ቦታ ልግዛ እንዴ? በዓሉ እየቀረበ ነው።»

«ትንሽ ታገሠኝ።»

እሱ ከወጣ በኋላ ቢላዋውን ይዤ ክፍሏ ውስጥ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ለመጨረሻ ጊዜ የቀጠቀጠውን ብረት እኔ ለቺንጋው ስሳሳ አበላሸሁት። ያን ቀን እንደ ለቅሶው ቀን አለቀስኩ፤ ልዩነቱ አሁን ከአጠገቤ ተይ የሚለኝ ሰው አለመኖሩ ነው።

በማግስቱ ጎንደር ለመሄድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ዳባት ስንደርስ የወንድሜ ደብር ዛፎች በመስኮት ታዩኝ፤ አልወረድኩም። ጎንደር የቺንጋ ሱቁን ያገኘሁት በጥያቄ ነው። ባለሱቁ ፀጉራቸው የሸበተ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው።

«የቢላዋ መሥሪያ ቺንጋ ፈልጌ ነበር።»

«ለማን ነው ልጄ?»

«ለባለቤቴ። ደባርቅ ነው ያለው።»

«ቆዪ፣ ረጅሙ ሰውዬ?» ፊታቸው በራ። «ምነው ዛሬ ራሱ ቀረ?»

ጥቁር ነው የለበስኩት፤ ግን ነጠላዬን ተከናንቤ ነበርና አላስተዋሉትም መሰለኝ። መናገር ነበረብኝ። አፌ ላይ የመጣው ሌላ ነው።

«ሥራ በዝቶበት ነው፤» አልኳቸው።

«እንግዲያው አንቺ እንደ እሱ እንዳታስቸግሪኝ!» ሳቁ። «እሱ እኮ አንዷን ቺንጋ ሳያገላብጥ አይወስድም። እንዲህ አድርጎ ጆሮው ሥር ያጥፋታል።» አንዱን አንስተው አጥፈው አሳዩኝ። «ከተንኮሻኮሸች ሙጫዋ ደርቋል፤ ትቶ ሌላ ያነሳል። ደግሞ መጋጠሚያዋን በጥፍሩ ይዳስሳል። ከፍ ያለች እንደሆነ በዞረች ቁጥር ቢላዋውን ትመታዋለች ይለኛል። ጀርባዋ ወረቀት የሆነችውንማ በዓይኑም አያያት።»

ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። ቺንጋ ይዞልኝ ሲመጣ እንጂ ሲመርጥ አይቼው አላውቅም። ሱቁ ውስጥ ቆሜ፣ ባለቤቴ ቁጭ ብሎ ሲያገላብጥ፣ ሲያጥፍ፣ ሲከራከር ታየኝ። ሽማግሌው ስለ እሱ የሚያወሩት በሕይወት እንዳለ ሰው ነው፤ «ይላል»፣ «ያነሳል» እያሉ። እንዳያቆሙብኝ ብዬ የማውቀውንም ጭምር ጠየቅኋቸው። ከዚያ እንደነገሩኝ አድርጌ መረጥኩ፤ አጠፍኩ፣ ሰማሁ፣ መጋጠሚያውን ዳሰስኩ። ሻካራውን፣ መካከለኛውንና ልሙን ለየሁ።

«ሰላም በይልኝ፤» አሉኝ ሲጠቀልሉልኝ።

«እሺ፣ እላለሁ።»

ደባርቅ እስክደርስ ጥቅሉን ታቅፌው ነበር።

ቤት ገብቼ አሮጌዎቹን ከምስማሩ አወረድኋቸው። አልጣልኳቸውም፤ ቆራርጬ የወይራ እጀታ በእጄ ማለስለሻ አደረግኋቸው። አዲሱ ሻካራ ቺንጋ ሲበላ ድምፁም ሌላ ነው። መጫን አያስፈልገውም፤ ብረቱን ማስጠጋት ብቻ ነው። ውሃ የሚያቀብለኝ ስለሌለ ባልዲውን እግሬ ሥር አስጠግቼ፣ ብረቱ እጄ ላይ ሞቅ ባለኝ ቁጥር ነከርኩ። አንዱን ሳበላሽ አንዱን ሳሳካ ሰነበትኩ። ሊያጽናኑኝ ሲመላለሱ የነበሩት ጎረቤቶች እንኳ ጭስና አቧራውን ፈርተው መምጣት ተዉ። ሰሙነ ሕማማት ሳይገባ ቢላዋዎቹን አስረከብኩ።

ለፋሲካ የልኳንዳ ቤቱ ሰው የበግ ሥጋ ልኮልኝ፣ ቢላዋው ስለት እንደያዘ አስነገረኝ። ደስ አለኝ። ደስታውን የምነግረው ሰው ግን አጣሁ። ለአንድ ሰው የተሠራ ወጥ እንዴት ብዙ እንደሚመስል ያኔ ነው ያየሁት።

ክረምት ሲገባ ቺንጋዎቹ አለቁና እንደገና ጎንደር ወረድኩ። ሽማግሌው ገና ሲያዩኝ፣ «ዛሬም ቀረ? ተኳረፍን እንዴ?» አሉኝ።

ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻልኩም።

«አርፏል አባቴ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «መቼ?»

«ከጾሙ በፊት።»

«ያን ጊዜ ስትመጪ…»

«አዎ፤ አርፎ ነበር።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። «ነፍሱን ይማር፤» ብለው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና፣ «ታዲያ በቺንጋው ማን ሠራበት?» አሉ።

«እኔ።»

ብዙ አዩኝ። ከዚያ ያላቸውን ሁሉ ከመደርደሪያው አውርደው ፊቴ ደረደሩልኝና ወደ ጥግ ሄደው ተቀመጡ። እኔ አጠፍኩ፣ ሰማሁ፣ ዳሰስኩ። ስለ እሱ ከዚያ ወዲህ አላወሩልኝም። ሲሸኙኝ እንደ ደንበኛ ነው፤ በአክብሮት፣ «እርስዎ» ብለው።

ስመለስ ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶት ነበር። እርጥበት የቺንጋውን መጋጠሚያ ያስለቅቀዋልና ጥቅሉን በላስቲክ አድርጌ ከነጠላዬ ሥር ያዝኩት። ቤት ስደርስ መብራት የለም፤ ሞተሩ አይዞርም። ቺንጋዎቹን ደረቁ ግድግዳ ላይ አንድ በአንድ ሰቀልኳቸውና፣ በሩ አጠገብ ተቀምጬ መብራቱ እስኪመጣ ጠበቅሁ።