የጥቁር ቀሚሱ ቀን

ነርሷ ጥቁሩን ጨርቅ በክንዷ አንጠልጥላ ወደ ሱቁ የገባችው ወሩ በገባ በአሥር ነው። በአሥር ነበር እንዴ? «በአሥራ አራት ቢሆንስ?» ይላል ልብስ ሰፊው ብቻውን፣ ድምፁን አውጥቶ። ደግሞ ይመለስና «አይ፣ በአሥራ ስድስት ነው፤ ያን ቀን ዘንቧል፤ ጃንጥላዋን በሩ ላይ አራግፋለች» ይላል። ግን ጃንጥላው የተራገፈበት ቀን ሌላ ሊሆን ይችላል። ነርሷ የሠላሳ ዓመት ደንበኛው ናት፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስንት ጃንጥላ ይራገፋል?

ቀኑ እንዲህ እንቅልፍ የነሳው ቤቱ በዚያ ቀን ላይ ስለተንጠለጠለ ነው።

ሰፈርተኛው ባለሜትር ይለዋል፤ ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት በኪራይ ኖሯል፤ ሰባት ቤት ቀያይሯል። በሰባቱም ቤት መጋረጃውን የሚሰፋው ቅምቅማቱን ሰፊ አድርጎ ነበር፤ የሚቀጥለው ቤት መስኮት ረጅም ከሆነ እንዲፈታ ብሎ። በር ሲንኳኳ አከራይ እየመሰለው ከመቀመጫው ብድግ የሚል ሰው ነበር። ሚስቱ «ገና ሳይንኳኳ ትደነግጣለህ፤ ሲንኳኳማ ምን ልትሆን ነው?» እያለች ትስቅበት ነበር።

የነርሷ ወንድም የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ታሞ በሌላ ከተማ ልጁ ዘንድ ሲተኛ፣ ቤቱን እንድትሸጥለት ለእህቱ ውክልና ሰጣት። ሁለት ክፍልና ኩሽና፣ በር ላይ አንድ የሎሚ ዛፍ። ባለሜትር ቤት ገዢ መጠየቅ ያለበትን ሁሉ ጠየቀ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከመዝገብ ቤት አስጣራ። ሹፌሩ ሚስት ካለው የእሷም ፊርማ ያስፈልጋል ብለውት ነበርና፣ ሚስቱ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት እንደሆናት የሚያሳየውን ወረቀት አየ። ግቢውንም በራሱ ሜትር ለክቶ ካርታው ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያየው።

«እትዬ፣ ስምንት ሴንቲሜትር ይጎድላል» አላት።

«ስምንት ሴንቲ ለሱሪ ነው እንጂ ለግቢ ምን ይሠራል? ሎሚው ሲያድግ ይሞላልሃል!» አለችው።

ሹፌሩ በሕይወት አለ ወይ ብሎ ግን አልጠየቀም። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅስ ማን አለ?

ውሉን በአሥራ አምስት ተፈራረሙ። ቁልፉን በተረከቡ ማግስት ሚስቱ መጋረጃዎቹን ሰቅላ፣ ለሃያ ሁለት ዓመት ታጥፎ የኖረውን ትርፍ ጨርቅ በመቀስ ቆረጠችው። ባለሜትር ጨርቁ ሲወድቅ ቆሞ አየ። እንባው መጣና ወደ ሎሚው ዞረ።

ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። የፕላስቲክ ማኅደር ያቀፈች ወጣት ሴት ቆማለች።

«ጋሼ፣ የሹፌሩ ልጅ ነኝ። ለጠብ አልመጣሁም» አለች። «አባቴ ያረፈው በአሥራ ሦስት ነው። የሆስፒታሉ ወረቀት ይኸው። እርስዎ የፈረሙት በአሥራ አምስት ነው። የሞተ ሰው ቤት ይሸጣል እንዴ?»

የበሩን መቃን ይዞ ቆመ፤ የራሱን መቃን፣ በራሱ እጅ ቀለም የቀባውን።

በሳምንቱ መጥሪያ ደረሰው፤ ጠበቃ ዘንድ ሄደ። ጠበቃዋ ፎቅ ላይ ጠባብ ቢሮ ያላት፣ እያናገረችው እስክሪብቶዋን የምትፈታ የምትገጥም ሴት ናት።

«ጋሼ፣ ችግሩ ይሄ ነው። ውክልና ከሰጪው ጋር ይሞታል» አለችው።

«እኔ እኮ በምን አውቃለሁ?»

«እሱን ነው የምጠይቅዎት። እህትየዋም እርስዎም መሞቱን ሳታውቁ ከፈረማችሁ የምንከራከርበት አለን። አውቃችሁ ከሆነ ግን እኔንም አያድክሙኝ። ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ አምስት ባለው ጊዜ ሴትዮዋን አግኝተዋታል?»

«አላገኘኋትም» አለ። ቃሉ ካፉ እንደወጣ ጥቁሩ ጨርቅ ዐይኑ ላይ ድቅን አለ።

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ። ሱቅ ገብቶ በሩን ከውስጥ ቀረቀረና ደብተሩን አወጣ። ባለሜትር አንድ የሥራ ልማድ አለው። ልክ የሚጽፈው ደንበኛው በተለካበት ቀን ሳይሆን ልብሱን በሚወስድበት ቀን ሥር ነው። መቼ ነው የምወስደው የሚል እንጂ መቼ ነው የተለካሁት የሚል ደንበኛ ገጥሞት አያውቅም። ደብተሩ በአሥራ ሰባት ሥር እንዲህ ይላል፦ ነርስ፣ ጥቁር ቀሚስ፣ ሙሉ እጅጌ፣ ወገብ ዘጠና ሁለት። መቼ እንደመጣች አንድም ቃል የለም። እንደ ወትሮው ሳምንት ቀጥሯት ከሆነ በአሥር መጥታለች፤ ወንድሟ አልሞተም ነበር። በአንድ ቀን አጣድፎ ሰፍቶት ከሆነ በአሥራ ስድስት ነው፤ ውሉ አልቋል። በሁለቱ መሀል ያለውን አሥራ አራትን ግን ማሰብም ፈራ።

ለሚስቱ ነገራት።

«ምድጃ ውስጥ ጨምረው» አለችው ወዲያው።

«ደብተሩን? የሰፈሩ ሰው ወገብ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው እኮ!»

«የሰፈሩ ሰው ወገብ ቢጠፋ ሜዳ ላይ አያሳድርህም። እንደገና ትለካቸዋለህ። አንተ ሰውዬ፣ ለስምንተኛ ጊዜ ዕቃ የምሸክፍበት ጉልበት የለኝም።» ይሄን ስትል አልሳቀችም። እሱን ያስፈራው ይሄ ነው።

አላቃጠለውም። ከብረት ሳጥኑ ግርጌ፣ ከቁራጭ ጨርቆች ሥር ደበቀው። ከዚያ ወዲህ ክር በመርፌው ቀዳዳ አልገባ እያለ አስቸገረው። ባለሜትር ማንንም ሲለካ «ለምን ዓይነት ቀን ነው?» ሳይል አይለካም። ለሠርግ ከሆነ ሆዱ ላይ ለቀቅ ያደርጋል፤ ለሥራ ፈተና ከሆነ ትከሻውን ያጠብቃል፤ ለሐዘን ከሆነ ደግሞ ሰው አጎንብሶ ስለሚቀመጥ ከጎንና ከጎኑ ሁለት ሁለት ጣት ይተዋል። ነርሷን ግን ያን ቀን አልጠየቃትም። ይሄን ያስታውሳል። ፊቷን ቀና ብሎ እንዳላየ፣ ጥያቄው ጉሮሮው ላይ ደርሶ እንደተመለሰ ያስታውሳል። ለምን ተመለሰ? ሽያጩ እንዳይቀርበት ፈርቶ ነው ወይስ ሥራ በዝቶበት?

ችሎቱ ሰኞ ነው። ነርሷም ለምስክርነት ተጠርታለች። ሐሙስ ጠዋት እሷው ራሷ፣ የታጠፈ ነገር በክንዷ ይዛ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመች። ክሱ ከመጣ ወዲህ ዐይን ለዐይን ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ከስታለች።

«ባለሜትር፣ ይሄ ቀሚስ ሰፍቶኛል፤ አጥብብልኝ። ለሰኞ ነው» አለች።

ጥቁሩ ቀሚስ ነው። ከሸራው መጋረጃ ጀርባ ገብታ ለብሳው ወጣች። ባለሜትር መርፌ ቁልፎቹን በከንፈሩ ይዞ ተንበረከከ፤ ጠርዙን ገልብጦ የገዛ እጁን ሥራ አየ። ስፌቱ ደቃቅና እኩል ነው፤ በአንድ ቀን ሲጣደፍ እንዲህ አይሰፋም። አሥራ ስድስት ወደቀ። ጎኑን ዳሰሰ። ሁለት ጣት እዚህ፣ ሁለት ጣት እዚያ፤ ለሐዘን ልብስ ብቻ የሚተወው። አሥርም ወደቀ፤ የቀረው አሥራ አራት ነው። አፉ ያልጠየቀውን እጁ ያን ጊዜውኑ አውቆ ሰፍቶታል። ሁለቱም እያወቁ ነው የፈረሙት።

አሁን ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰኞ ዳኛው ፊት ምን ልትል ነው?

እሷ ግን በመስኮቱ ወደ መንገዱ እያየች ትናገራለች። «ያን ጊዜ አንድ ነገር አልጠየቅከኝም። እንደ ወንድም አመሰገንኩህ። ብትጠይቀኝ አልዋሽህም ነበር። ሰኞ ግን የሚጠይቅ አለ።»

ተመልሳ ገብታ የራሷን ልብስ ለበሰች፤ ቀሚሱን መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። አሮጌውን ከደበቀ ወዲህ የጀመረው አዲሱ ደብተር እዚያው ተገልጦ ነበር።

«ቅዳሜ ሰው ልኬ አስወስደዋለሁ። በቅዳሜ ሥር ጻፈው» አለች፤ ቆም ብላም፣ «የዛሬንም ቀን ጻፍበት» አለችው።

ባለሜትር መርፌ ቁልፎቹን ካፉ ማውጣት ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ አራተኛው ከንፈሩን ወጋው። «እትዬ...» ብሎ ቀና ሲል ደጃፉ ባዶ ነው። እሷ መንገዱን ተሻግራ፣ ከቆመ የጭነት መኪና ኋላ ተሰውራለች።