ለብቻዬ የቀረበልኝ ሳህን

ትናንት፣ በፍልሰታ ጾም፣ በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ሳልፍ የዓሣ ጥብስ ሽታ ያዘኝ። ምራቄን ዋጥኩ። ሰባ ያለፈው ጿሚም ምራቅ አያጣም።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ በሐዋሳ ከእኔ በላይ ክርስቲያን አልነበረም። ዓሣ አጥማጁ አባቴ በፍልሰታ ጀልባው አጠገብ ዓሣ ሲበላ አየሁት። የንስሐ አባታችን ቤታችን ሲመጡ ጎረቤት በተሰበሰበበት «አባ፣ አባባ ዓሣ በልቶ ጾም ገድፏል» አልኩ። አባቴ አንገቱን ደፋ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግቤ በሳህን ለብቻዬ ቀረበ። አባቴ «ጻድቅ ከኃጢአተኛ ጋር በአንድ ትሪ አይበላም» አለ። እኔ ሞኙ የተከበርኩ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። ጾሙ ተፈትቶ ዶሮ ሲቀርብም ወደ ትሪው አልጠሩኝም። እናቴ ልታጎርሰኝ እጇን ስትዘረጋ፣

«ተዪው። ለዚያ አፍ ከዚህ ትሪ ጉርሻ የለም» አላት።

ያኔ ጽድቄ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

አባቴ በመጨረሻ ሲታመም ሾርባ በማንኪያ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። አንዲት ጉርሻ ሳይሰጠኝ ሄደ። እውነቱን ለመናገር እኔም «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ» አላልኩትም። ጾም ግን እስከ ዛሬ አንድም ቀን ገድፌ አላውቅም።