ልብስ ሰፊው በልክ ከልክ ያለፈ ፓምፕ የገዛ ለት

እናቱ ያወጡለትን ስም የሚያስታውስ የለም፤ ሰፈሩ «በልክ» ይለዋል። ልብስ ሰፊ ነው፤ ከአፉ የማይጠፋውም ቃል ይኸው ነው። ሱሪ ሊያሰፋ የመጣ ሰው «ትንሽ ሰፋ ይበልልኝ» ካለው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ እንደ ዳኛ ያየዋል።

«ሰፋ ያለ ከፈለግክ ድንኳን ሰሪ ጋ ሂድ። እኔ በልክ ነው የምሰፋው።»

ደንበኛው ያንን ሱሪ ለብሶ ሰው ፊት ማስነጠስ ይፈራል። ቢሆንም ተመልሶ ይመጣል፤ እንደ በልክ ሱሪ አሳምሮ የሚሰፋ የለማ።

ይህ ሰው ከስፌት መኪናው ሌላ መንገድ ላይ የምትሄድ መኪናም አለችው። መሄዷ እንኳ አጠራጣሪ ነው። ተበትና በሣጥን የመጣች፣ ባለቤቷ ራሱ እንዲገጣጥማት የተሠራች፣ ጣሪያ የሌላት ትንሽ መኪና ናት፤ ከኋላዋ የሚቀመጥ ሰው ጉልበቱን አገጩ ሥር ማጠፍ አለበት። ጓሮ ውስጥ በልክ በሰፋላት ልብስ ተሸፍና ዓመታት ኖራለች፤ የሰፈሩ ግማሽ ሕዝብ እንደዚያ ያለ ካፖርት የለውም። ባለቤቷ ከሥራ በተመለሰ ቁጥር ከሥሯ ገብቶ በጀርባው ስለሚጋደም፣ አማቱ «አልጋው» የሚል ስም አወጡላት። «ባልሽ የት ሄደ?» ብለው ልጃቸውን ሲጠይቁ መልሱንም ራሳቸው ይሰጣሉ፤ «አልጋው ዘንድ ነዋ።»

ሞተሩ በስንት ልመና ተነሣ። የቀረው ዳገት ነው። ሞተሩ ላይ ያለው አሮጌ ፓምፕ ከኋላ ካለው ታንክ ቤንዚን እየሳበ ከአየር ጋር ለሚቀላቅለው ካርቡሬተር ማድረስ ታክቶት ነበር፤ ትንሽ ዳገት ስታይ መኪናዋ ሁለቴ ታስልና ትተኛለች። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ ያስፈልጋታል። አማቱም ይህንን ሳምንት ጠብቀው፣ ከመስኮታቸው ብቅ አሉ።

«እሑድ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ።» የእህታቸው ቤት ዳገቱ አናት ላይ ነው። «በአልጋው ውሰደኝ። ካደረሰኝ አፌን ይዤ እኖራለሁ። ካላደረሰኝ ሰኞ ብረት ሰብሳቢው ይጠራና ጓሮው ላይ ቲማቲም እተክላለሁ።»

በልክ እርዳታ ፈልጎ ሚስቱን አያት። እሷ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«ቲማቲም ጥሩ ነው» አለች፤ «ጨው የለበትም።»

በልክ ደም ግፊት አለበት። ሐኪሙ ጨው ቀንስ ካለው ወዲህ የቤቱ ጨው የት እንደሚቀመጥ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

በማግስቱ ጉዳዩን ካፌ ይዞት ሄደ። እዚያ ሻይ ይሸጣል፣ ምክር በነፃ ይታደላል። የሒሳብ መምህሩ ስለ ፓምፕ ተናገረ፤ ጥርስ ነቃዩ ተናገረ፤ ብስክሌት እንኳ ነድቶ የማያውቀው ፀጉር አስተካካይ ግን ሁሉንም ረታቸው።

«ጋሼ፣ ትልቁን ይግዙ። ትልቅ ነገር ይተርፋል እንጂ አያንስም።»

«አንተ ስትቆርጥ ግን የሚተርፍ አላየንም» አለው መምህሩ ራሱን እየዳበሰ።

በልክ፣ ዕድሜ ልኩን «ሰፋ ይበልልኝ» ባዮችን ሲያባርር የኖረው ሰው፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ ነገሩ ተዋጠለት። ከዚያው ወደ መለዋወጫ ሱቅ አቀና።

«ምን ዓይነት ሞተር ነው ጋሼ?» አለችው ባለሱቋ።

«ዳገት የሚወጣ።»

«ካርቡሬተር ነው ወይስ…»

«የኔ ልጅ፣ አታድክሚኝ። ግፊት ያለውን፣ ትልቁን ስጪኝ።»

ከላይኛው መደርደሪያ አወረደችለት። «ለማንኛውም ካርቶኑን አይጣሉት» አለች።

ዓርብ ከሰዓት ገጠመው። ገና ቁልፉን ከማዞሩ ፓምፑ እንደ ተቆጣ ተርብ ጮኸ። ካርቡሬተሩ ጠጣ፣ ጠገበ፣ በቃኝ አለ፤ ፓምፑ ግን እንደ ክፉ ጋባዥ «በሞቴ! በሞቴ!» እያለ ይግተው ጀመር። ቤንዚኑ ሞተሩን አጥቦ መሬት ላይ ኩሬ ሠራ። በልክ ቁልፉን አጥፍቶ የባትሪውን ሽቦ ነቀለ። ድመቷ አጥሩን ዘላ ተሰደደች፤ ሲጋራ ሊያቀጣጥል የነበረው ጎረቤት ከድንጋጤው የተነሣ ሲጋራውን ዋጠው ይባላል። አማቱ አፍንጫቸውን ይዘው በመስኮት ብቅ አሉ።

«አንቺ፣ አንሶላ ይዘሽ ነይ» አሉ፤ «ባልሽ አልጋው ላይ ሸንቷል።»

ሚስቱ አንሶላ ሳይሆን አሸዋ በባልዲ ይዛ መጣች። ኩሬው ላይ እየበተነች ጠየቀችው።

«ምን ሆና ነው?»

«ግፊት በዛባት።»

እጇ ባልዲው ላይ ቀረ። «አንተን ግፊት ሲይዝህ ሐኪሙ ምን አለህ? ጨምር አለህ?»

«ቀንስ አለኝ።»

«ታዲያ እሷን ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ምን ወሰዳት?»

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱም ሱቁ በር ላይ ነበሩ። ሚስቱ ፓምፑን ከነካርቶኑ ባንኮው ላይ አስቀመጠችው።

«ይኸውልሽ እህቴ፤ በሽተኛዋ ቤት ናት። ግፊት ይዟታል።»

ባለሱቋ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ይኼ ለአዲሶቹ መኪኖች ነው፤ ነዳጁ በኃይል ለሚረጭላቸው። የካርቡሬተር ሞተር ለስለስ ያለ ነው የሚወደው። ካርቡሬተሩ ውስጥ መርፌ አለች፤ ቤንዚኑ ልኩ ላይ ሲደርስ መግቢያውን የምትዘጋው እሷ ናት። ይኼ ሲመጣባት ግን ገፍትሯት ያልፋል።»

«መርፌ?» አለ በልክ።

«ቀጭን መርፌ።»

ካርቡሬተሩ ተገጥሞ ስለመጣለት ከፍቶት አያውቅም። ያን ሁሉ ዘመን ከሥሯ ሲጋደም፣ መኪናዋ ከእሱ ወገን መሆኗን የነገረው አልነበረም። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ በጣቱ ጠቀለለው፤ ፈታው፤ መልሶ ጠቀለለው።

«በቀጭን መርፌ ጅንስ ልሰፋ ነበር በይኛ» አለ። «ምነው መርፌ አለ ብትዪኝ?»

«ልልዎት ስል ግፊት ስጪኝ አሉኝ።»

ትልቁን መልሳ፣ ቡጢ የምታክል ፓምፕ አወጣች። «ልኳ ይቺ ናት። መግፋት ታውቅበታለች፣ መሳብ ግን ይደክማታል፤ ስለዚህ ሞተሩ ዘንድ ሳይሆን ከኋላ፣ ታንኩ አጠገብ፣ ዝቅ አድርገው ይግጠሟት። ይህችን ማጥፊያም አብረው ይግጠሙ፤ መኪናዋ ብትጋጭ ፓምፗን ታቆምልዎታለች። ያለሷ አልሸጥልዎትም።»

«መግፋት ላይ ጎበዝ፣ መሳብ ላይ ሰነፍ» አለች ሚስቱ፤ «እናቴን አስመስለው የሠሯት ነው የምትመስለው።»

ከሰዓት በኋላ በልክ ከካፖርት ቁልፍ መትከያ በላቀ ጥንቃቄ፣ ጎማ አንጥፎ አሰራት። ቁልፉን ሲያዞር ጠቅ ጠቅ ጠቅ አለች፤ የስፌት መኪናው ድምፅ ቁርጥ። ካርቡሬተሩ ሲሞላ ጠቅታዋ ሳሳ፤ ከዚያ ዝም አለች። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም። በቃኝ ሲሏት የምትሰማ ጨዋ ነበረች።

እሑድ አማቱ ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ። የፊተኛውን ወንበር ያለ ሜትር፣ በዓይኑ ብቻ ለክቶ ሰፍቶላቸው ነበር። ተቀመጡ፤ ወገባቸውን ወዲያና ወዲህ አዟዟሩ፤ የሚወቅሱት ፈለጉ።

«ጠበብ አላለብዎትም እማማ?»

«ልክ ነው» አሉ፣ ቅር እያላቸው።

ሚስቱ ጉልበቷን አገጯ ሥር አጥፋ ከኋላ ገባች። በካፌው በኩል ሲያልፉ ፀጉር አስተካካዩ ከበረንዳው ብድግ አለ፤ «ትልቁ ነው አይደል ጋሼ?» በልክ እጁን ብቻ አነሣለት። ዳገቱ ፊቱ ቆሞ ነበር፤ ለዚያች ሰዓት እንደ ሰማይ ቤት መሰላል ረዝሞበታል። ማርሽ ቀነሰ። ሁልጊዜ የምታስልበት ቦታ ደረሱ። የዚያን ጊዜ የእሱን ግፊት የለካው ሰው ቢኖር ከትልቁ ፓምፕ ይበልጥ ነበር። ከኋላ ጠቅ ጠቅ ጠቅ። አላሰለችም። ቦታው ወደ ኋላ ቀረ።

አናቱ ላይ የአማቱ እህት በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። በልክ ኩራቱን መደበቅ አቅቶት ወደ ጎን ዞረ። አማቱ ጃንጥላቸውን ታቅፈው፣ አፋቸውን ትንሽ ከፈት አድርገው ተኝተዋል።

«አልጋው ሠራልህ» አለች ሚስቱ በሹክሹክታ።

«ልቀስቅሳቸው?»

«ተው እባክህ። ካደረሰኝ አፌን እይዛለሁ ብላለች፤ ቃሏን ታክብር።»

እስኪነቁ ድረስ ዳገቱን አንድ ጊዜ ሊደግመው፣ በልክ መሪውን ቀስ ብሎ አዞረ። እህትየው ለሰላምታ ያነሡት እጅ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ፣ መኪናዋ ዳገቱን እንደገና ልትወጣው ቁልቁል ወረደች።