ጭላሎን ሳላይ

ይህን ለባሌ አልነገርኩም፣ ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ለእናንተ የደፈርኩት ስለማላውቃችሁ ይሆናል።

አንበጣ ስንዴያችን ላይ በሰፈረበት ዓመት አሰላ ተመድቤ የምሠራ የግብርና ባለሙያ ነበርኩ። መድኃኒት የምትረጨው ትንሽ አውሮፕላን የምትነሣው ከታች ከቆላው ነው። አብራሪው፣ ሁላችንም ካፒቴን የምንላቸው ሽማግሌ፣ በዓይናቸው እያዩ ነው የሚያበሩት፤ ደመና ውስጥ በመሣሪያ ብቻ ለመብረር አልሠለጠኑም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ይደውሉልኛል። የኔ ሥራ ከቤት ወጥቼ የጭላሎ ተራራ መታየት አለመታየቱን መንገር ነበር። በቃ፣ ይኸው ነው።

ያን ቀን ሲደውሉ ብርድ ልብስ ውስጥ ነበርኩ። መስኮት እንኳ አልከፈትኩም። «ጥርት ብሏል ካፒቴን፣ ይምጡ» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፣ ማንም አላስገደደኝም። ከአልጋ መውረድ ከሰው ነፍስ በለጠብኝ? በኋላ ስወጣ ጉሙ አጥራችንን ውጦታል። መልሼ ደወልኩ፤ ስልካቸው አይሠራም፣ ተነሥተዋል።

ተመስገን ነው፣ ተረፉ። ሁሩታ አካባቢ የታጨደ የገብስ ማሳ ላይ ወደቁ፤ የአውሮፕላኗ ክንፍ ተሰበረ፣ የሳቸውም ክንድ። ሆስፒታል ሄጄ ስጠይቃቸው፣ ደመናው ውስጥ ላይና ታቹ እንደጠፋባቸው፣ ሽቅብ የሚወጡ እየመሰላቸው ቁልቁል ይወርዱ እንደነበር ነገሩኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው ሲሉ እኔ ብርቱካን ልጬ አጎረስኳቸው። ከዚህ የባሰ ዓይን አውጣ አለ? በየበዓሉ እየደወሉ እንኳን አደረሰሽ ሲሉኝ እኔ የሆዴን በሆዴ ይዤ አሜን እል ነበር።

ዛሬ ካፒቴን ወጣት አብራሪዎችን ያስተምራሉ፤ ያንን በረራ የሚያነሡትም የራሳቸው ብቻ ጥፋት አድርገው ነው። ይህን ስሰማ አላስቻለኝም። ባለፈው ሐሙስ ደወልኩና እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ደመናውን እያየሁ አልመለስም ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱን አልሰጥሽም» አሉ። «ያንቺን ይቅር ብያለሁ፤ ግን መጥተሽ ለተማሪዎቼ ንገሪያቸው፣ ልጄ።»

ሰኞ እሄዳለሁ። ይቅርታቸው እንቅልፌን መለሰልኝ እንጂ ጥፋቴን አላነሣልኝም፤ እንዲያነሣልኝም አልለምንም። እነዚያ ልጆች ነገ እንደኔ ያለውን ሰው ሰማዩ እንዴት ነው ብለው ይጠይቃሉ። ሰው ሳያይ አየሁ እንደሚል ከኔ አፍ ይስሙ። ማንም ምንም ቢላቸው፣ ደመና ካዩ ይመለሱ።