ከአራት እስከ ሠላሳ ሁለት

ትናንት ልጄ ከትምህርት ቤት ተመልሳ የቤት ሥራዋን ጭኔ ላይ ዘረጋችው። በአንድ መስመር ጥቂት ቁጥሮች፣ በመካከላቸው ባዶ ቦታዎች፤ «የጎደሉትን ቁጥሮች ሙሉ» ይላል። የወረቀቱ የቀለም ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ደሜ ፈላ። ልጄ ፊቴን አይታ ደነገጠች። «እማዬ፣ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። እሷ ምንም አላጠፋችም። ያጠፉት ሌሎች ናቸው፤ ይህን ያህል ዘመን አልፎም ንዴቱ አልበረደልኝም።

ሰባተኛ ክፍል ነበርን። እኔና ጓደኛዬ ከገነተ ማርያም ወዲያ ካለ ቀበሌ መጥተን፣ ላሊበላ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ቤተሰቦቻችን ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ድርቆሽና ቆሎ ያቀብሉናል። ክፍላችን እርጥብ ጭቃ ጭቃ ይሸት ነበር፤ ብርድ ልብሳችንም አንድ ነው። እሷ እናት አባቷ ሞተውባት አጎቷ ነው ያሳደጋት፤ እንድትማር የፈቀደውም ተለምኖ ነው። «ስምንተኛን ልለፍ እንጂ ማንም አይመልሰኝም» ትለኝ ነበር፣ የቀዘቀዘ እግሯን ወደ እኔ እያስጠጋች።

የሒሳብ መምህራችን ተከታታይ ቁጥሮች ሰጥቶ ቀጥሎ የሚመጣውን ማግኘት ብቻ ነበር ያስተማረን። ፈተናው ላይ ግን መጀመሪያው አራት፣ መጨረሻው ሠላሳ ሁለት የሆነ ጥያቄ አመጣ። በመካከል ሦስት ባዶ ቦታ፤ ጭማሪው ሁሌ እኩል። ክፍሉ በሙሉ ተሳሳተ። እሷ ብቻ አሥራ አንድ፣ አሥራ ስምንት፣ ሃያ አምስት ብላ ሞላችው።

ወረቀት በተመለሰልን ቀን መምህሩ የእሷን ከፍ አድርጎ ያዘ።

«መልሱን ከየት ሰረቅሽው?»

«አልሰረቅኩም፣ ቲቸር። ከአራት እስከ ሠላሳ ሁለት ሃያ ስምንት ነው። መሻገሪያው አራት ጊዜ ነው። ለአራት ሳካፍለው ለእያንዳንዱ ሰባት ሰባት ደረሰው።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም።»

«እኔ ያላስተማርኩትን አንቺ ከየት ታመጪዋለሽ!» አለና ወረቀቱን ለሁለት ቀደደው። የመቀደዱ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ብድግ ብዬ «ሌላ ጥያቄ ይስጧትና ይዩዋት!» ብዬ ጮህኩ። ሁለታችንንም አስወጣን።

አጎቷ ተጠርቶ መጣ፤ ሁላችንም ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባን። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይበልጥ የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው። ቢሮው ውስጥ ያለችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ ዘጠኝ ጻፈ፣ አራት ባዶ ቦታ ተወ፣ መጨረሻው ላይ ሠላሳ ዘጠኝ አደረገና ጠመኔውን ሰጣት። እሷም ባዶ ቦታዎቹን በጣቷ ቆጠረችና ጻፈች፤ አሥራ አምስት፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሰባት፣ ሠላሳ ሦስት። መምህሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔ በልቤ እልል አልኩ። እውነቱ ወጣ፣ አለቀ ብዬ!

ርዕሰ መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጎበዝ ነሽ። ቢሆንም መምህርሽን በተማሪ ፊት ተከራክረሻል። ይቅርታ ጠይቂና ክፍልሽ ግቢ።»

«ሌባ ያሉኝ እሳቸው ናቸው» አለች። «ምን አድርጌ ነው ይቅርታ የምጠይቀው?»

አጎቷ ጋቢውን ወደ ትከሻው መልሶ ተነሣ። ሲፈልገው የኖረው ሰበብ በሰው እጅ መጣለት። «ጌታዬ፣ አይድከሙ። ታላቅ ለማታከብር ልጅ ትምህርት ምን ይሠራላታል? እቤት ሥራ ሞልቷል።»

አንድም ሰው «ተው» አላለውም። እግሩ ላይ ወደቅኩ። «አባባ፣ በእሷ ፈንታ እኔ ይቅርታ ልጠይቅ!» እያልኩ አለቀስኩ። እሷ ክንዴን ይዛ አነሣችኝ። «ተነሺ። አንቺም አላጠፋሽም» አለችኝ።

ብርድ ልብሱን ለእኔ ትታልኝ ሄደች። ክረምቱ ሳይገባ ተዳረች። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ ለዚያ መምህር ከመቀመጫዬ እየተነሣሁ፣ ጥርሴን ነክሼ «እንደምን አደሩ» አልኩ።

ባለፈው ዓመት ቅዳሜ ገበያ አገኘኋት። ገብስ ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ፀሐዩ ፊቷን አጥቁሮታል። አንገቴን አንቃ ሳመችኝ። ስለ ልጆቻችን ተጠያየቅን። ከዚያ እኔ የመምህሩን ነገር አንስቼ መራገም ስጀምር መዳፏን አፌ ላይ አደረገች።

«ተዪው እቴ። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው።» ትንሽ አፈር አለች። «ከዚያ በኋላ በሒሳብ ምን ተማራችሁ?»

ቀሚሴን ሰብስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩና አቧራው ላይ በጣቴ እኩል እየጨመሩ የሚሄዱ ቁጥሮች ደረደርኩ። «እነዚህን አንድ በአንድ ሳትደምሪ ድምራቸውን ማግኘት ትችያለሽ» አልኳት። «የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ትወስጂና…»

አንድ ሰው የገብሱን ዋጋ ጠየቃት፤ አልሰማችውም።

«ቆይ፣ ቆይ፣ አትንገሪኝ» አለች፣ እጄን ከአቧራው ላይ ገፋ እያደረገች።