ፍሪጁና የጌጫ መንገድ

ፍሪጁ ልጄ ቤት የገባው በእኔ ምክንያት ነው። ስኳር ይዞኝ መርፌ ሲታዘዝልኝ፣ መድኃኒቱ ቅዝቃዜ ይፈልጋል ተባለ። ልጄ ሱቋን ዘግታ ሄዳ ያንን ቁም ሣጥን የሚያህል ነጭ ነገር በጋሪ አስጭና መጣች። ጎረቤቱ ሁሉ እየገባ እንኳን ደስ ያላችሁ አለን። እኔም አሜን አልኩ። በልቤ ግን ነገሩ ወዲያው ገብቶኛል። መድኃኒቱ ከፍሪጁ አይለይም፣ እኔ ደግሞ ከመድኃኒቱ አልለይም። እንግዲህ እኔና ፍሪጁ ሚዛን ከተማ አንድ ጓዳ ውስጥ ተጋብተን ልንኖር ነው።

እኔ ደግሞ አንድ ቦታ የምረጋ ሰው ሆኜ አላውቅም። የተወለድኩት ጌጫ፣ የተዳርኩት ቴፒ ነው። ባሌ ካረፈ ወዲህ ቡና ሲደርስ ቴፒ፣ ልጄ ስትወልድ ሚዛን፣ ክረምት ሲገባ ጌጫ እኅቴ ዘንድ እያልኩ ነው የኖርኩት። ልጄ፣ እማን ከእኔ ይልቅ የመኪና ረዳቶች ያውቋታል እያለች ታሾፍብኛለች። ውሸቷን አይደለም። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። መንገዱን ግን ኩርባ በኩርባ አውቀዋለሁ።

ልጄ በጠዋት ወደ ሱቋ ትሄዳለች፤ እኔና ሣጥኑ እንቀራለን። ጓዳ እገባለሁ፣ ደጅ እወጣለሁ፣ ሰማዩን አይቼ እመለሳለሁ። ከዚያ እከፍተዋለሁ። መብራቱ ቦግ ይላል፣ እዘጋዋለሁ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ እከፍተዋለሁ። ከላይ የራሱ መዝጊያ ያለው በረዶ ቤት አለ። ከሥሩ ክዳን ያላት አንዲት ቀጭን መሳቢያ አለች፤ ለምን እንደተሠራች የሚያውቅ የለም። ከዚያ የመስታወት መደርደሪያዎቹ ይመጣሉ፤ ከታች ትልቅ መሳቢያ፣ መሳቢያው ግንባር ላይ ደግሞ ወዲያና ወዲህ ስትንሸራተት ትንንሽ ቀዳዳ የምትከፍትና የምትዘጋ ነገር። በሩ ላይ በተርታ የጎደጎዱ ጉድጓዶች፣ ክዳን ያለው ትንሽ ሣጥን፣ ለጠርሙስ የሚሆን እንደ በረንዳ ያለ ነገር። ከውስጥ ከኋለኛው ግድግዳ ግርጌ ደግሞ ጣት የማታስገባ አንዲት ቀዳዳ።

ልጄን ይኼ ምንድን ነው፣ ያኛውስ ብዬ ብጠይቃት፣ ቦታ ነዋ፣ የገባው ይግባበት አለችኝ። ክዳን ባለው ሣጥን የጥፍር ቀለሟን አስቀመጠች። ለእንቁላል ይሁን ለምን በተጎደጎደው ሎሚ ደረደረችበት። አብሮ የመጣው ወረቀት በማናውቀው ፊደል የተጻፈ ነበር፤ ስኳር ጠቅልላበት ለጎረቤት ሰጠችው።

እኔን ግን አላስቀምጥ አለኝ። ባደግሁበት ቤት ያለ ምክንያት የተሠራ ቦታ የለም። ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፣ አየር እንዳያገኘው። የዘር በቆሎ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል፣ ጭሱ ነቀዙን እንዲያባርርለት። ማር ጨለማው ጥግ ይቀመጣል። የሠፈራችን ሴት ቤታችን ብትገባ ማንንም ሳትጠይቅ የምትፈልገውን ዕቃ ከቦታው ታነሳለች። ይህንንም ሣጥን የሠራው ሰው እናት አለችው እንጂ ከዛፍ አልወደቀም። እያንዳንዷን ጉድጓድ አንድ ነገር አስቦ ነው የሠራት። ያሰበውን ሳላውቅ ከእሱ ጋር ታስሬ መኖር ከበደኝ።

መጀመሪያ የተሳሳትኩት በቀዳዳዋ ነው። ይህን ሁሉ መብራት የሚበላ ቅዝቃዜ በዚህች በኩል እየሾለከ ይሆናል ብዬ ተጨነቅሁ። ቀፎ ሲሰነጠቅ እንደምንወትፈው ከእንሰት ቃጫ ጠቅለል አድርጌ ጥርቅም አድርጌ ወተፍኳት። ልቤ ረካ። ሳምንት ሳይሞላ ታችኛው መሳቢያ ውኃ ሞላ፤ ጎመኑ ዋናተኛ ሆነ። ልጄ ተንበርክካ ስትፈልግ ስትፈልግ ቃጫውን ጎትታ አወጣችው። አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«እማ፣ ንቦቹ እንዳይወጡብሽ ነው?»

መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ቀዳዳዋ ለካ የሣጥኑ ላብ መውጫ ነበረች። ባፍርም አንዷ ቦታ ሥራዋን ነገረችኝ።

በዚያው ሰሞን እኅቴ በጎረቤቷ ስልክ ደወለች። ጓሮዋ ካሉት እንሰቶች ሁለቱ ደርሰዋል፤ አዲስ የሚወጣው ቅጠል እያነሰ፣ አናታቸው እየጠበበ ነው፤ ሊያብቡ ነው። እንሰት ካበበ ለዓመታት ያጠራቀመውን ለአበባው ያስረክብና ግንዱም ሥሩም ገለባ ይሆናል። ሳያብብ መቆረጥ፣ መፋቅ፣ መቀበር አለበት። የእኅቴ የዓመት ቀለብ ያ ነው። የሠፈሩ ሴቶች ለመፋቁ ይመጣሉ፤ ነገር ግን የሚመራ የቤት ሰው ይፈልጋል፣ የእሷ ዓይን ደግሞ ደክሟል። ሁልጊዜ የምመራው እኔ ነኝ።

«እትዬ፣ እጄን ዘርግቼ ሳልነካው ዓይኔ አይነግረኝም» አለችኝ። «ዘንድሮ ትቀሪያለሽ እንዴ?»

አልቀርም አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለልጄ ነገርኳት። አይሆንም አለች። አክስቴ ቤት ፍሪጅ የለም፣ መብራቱም መጣ ሲሉት ይሄዳል፣ መድኃኒቱን የት ልታደርጊው ነው አለችኝ።  ተነስቼ ጓሮ ወጣሁ።

ሁለተኛው ስሕተት የሁለታችንም ነው። መድኃኒቱን የቱ ጋ እናድርገው ስንባባል፣ ክዳን ባላት በቀጭኗ መሳቢያ ውስጥ ተስማምተን ነበር ያስቀመጥነው። ዋጋ ያለው ነገር ከፍ ተደርጎ፣ ተከድኖ ነው የሚቀመጠው፤ ከሁሉ የሚበርደውም እዚያ ነው። ቅዝቃዜ ይወዳል ከተባለ አብዝተን እንስጠው አልን። አንድ ጠዋት ልጄ ብልቃጡን ስታወጣው ውስጡ ነጭ በረዶ ሆኖ አገኘችው። በብብቷ አሞቀችው፣ ቀለጠ፣ መልኩ ግን አላማራትም። ባጃጅ ጠርታ ወደ ሐኪም ቤት ይዛኝ በረረች።

ሲስተሯ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንስታ አየችና ወዲያው ጣለችው። አንዴ በረዶ ከሠራ ቢቀልጥም አይረባም አለች። በረዶ ቤቱ ሥር አይደረግም፣ የኋላውን ግድግዳም እንዳይነካ፤ መሐል መደርደሪያው ላይ ይቀመጥ። አዲስ ሰጠችን። ልንነሳ ስንል ነው ያችን ነገር ጣል ያደረገችው።

«ያልተከፈተው ነው ፍሪጅ የግድ የሚለው። የከፈታችሁት ፀሐይ ሳያገኘው፣ ሙቀት ሳይበዛበት፣ ውጭም ቢሆን ወር ያህል ይቆያል።»

«ከፍሪጅ ውጭ?» አልኳት።

«አዎ እናቴ። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ከሆነ። ቴፒ ዓይነት ሙቀት ከሆነ ግን አይመከርም።»

ልጄን አየኋት። ቦርሳዋን ትዘጋለች። ባጃጁ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሷ የሰማሁትን አውቃለች፤ እኔም የሰማችውን አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ቤት መቀመጥ ጨርሶ አቃተኝ። ጠዋት ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ እስከ መናኸሪያው እሄዳለሁ። የማሻ መኪና ሲጭን ቆሜ አያለሁ፤ የማሻው በጌጫ ነው የሚያልፈው። ረዳቱ ያውቀኛል፣ እማማ ዛሬም መሸኘት ብቻ ነው ይለኛል። መኪናው ሲወጣ እመለሳለሁ። እንሰቱ በልቤ ውስጥ ቅጠሉን እያጠበበ ነው።

አንድ ቀን ስመለስ በገበያ በኩል አልፌ ቅቤ ገዛሁ። ቤት ገብቼ በጣት በጣት ቆርሼ በየክፍሉ አስቀመጥኩ። አንዱን በበረዶ ቤቱ፣ አንዱን በቀጭኗ መሳቢያ፣ አንዱን በመሐሉ፣ አንዱን ከታች፣ አንዱን ክዳን ባለው በበሩ ሣጥን፣ ከጥፍር ቀለሙ አጠገብ። ከሰዓት እየዞርኩ በጣቴ ጫንኳቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ድንጋይ ናቸው። የመሐሉ ጥፍር ይይዛል እንጂ ጣት አያስገባም። የታችኛው ላብ አለው፤ ያችን የምትንሸራተት ነገር ስከፍታት ላቡ ቀነሰ፤ ለካ የመሳቢያው መስኮት ናት። የበሩ ግን ሲጫኑት ዝግ ብሎ እሺ ይላል። እሱን ስጫን ደነገጥኩ። ይህን ቅቤ አውቀዋለሁ። በሐምሌ ጌጫ፣ ከእናታችን ቅል ውስጥ በጣቴ የማወጣው ቅቤ ልክ እንዲህ ነበር።

ልጄ ስትመጣ እጇን ይዤ ወስጄ አስነካኋት።

«ጌጫ ይኼ ነው» አልኳት። «ብርዱ ከዚህ በር ብዙ አይርቅም።»

«እማ፣ አገር ከፍሪጅ ጋር ይወዳደራል?»

«አንቺ ክረምት አልከረምሽበትም። እኔ ግን ከርሜበታለሁ።»

ጣቷን በፎጣ ጠረገች። ደጋግማ ጠረገች፣ ቅቤው ከለቀቀም በኋላ። የተናገረችው ዝቅ ባለ ድምፅ ነው።

«የምፈራው ለመድኃኒቱ አይደለም። ቴፒ መናኸሪያ የወደቅሽ ቀን ሰው ሁሉ ጠጥታ ነው ብሎ አልፎሻል። ፀሐይ ላይ ነበርሽ። እኔ እዚህ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ እየለካሁ ነበር። ፍሪጁን የገዛሁት እንዳትሄጂብኝ ነው እንጂ ሌላም መላ ይገኝ ነበር።»

ስኳር እንዳለብኝ የታወቀው በዚያ ቀን ነው። እኔ የማስታውሰው ጫማዎች ሲያልፉ ነው። ለእሷ ግን ነግሬያት አላውቅም፤ ሌላ ሰው ነግሯት ኖሯል። ምን ልበላት? ላጽናናት ብል ነገ ደግሞ መናኸሪያ እንደምሄድ ታውቃለች። ፍሪጁን ዘጋሁት።

«እንሰቱ ከተበላሸ እኅቴ ምን ትበላለች?» አልኩ በመጨረሻ።

ፎጣውን አጣጥፋ ወደ ቦታው መለሰችው። በማግሥቱ ግን ሱቋን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ፔርሙዝ ስታጥብ አገኘኋት። መሐል መደርደሪያው ላይ ያደረውን ውኃ ሞላችበት፤ በረዶ አልጨመረችም። ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልላ ውስጡ አስገባችው። የማሻውን መኪና አብረን ተሳፈርን፤ እስከ ቴፒ ፔርሙዙን ጭኗ ላይ ይዛው ሄደች። ቴፒ ላይ መኪናው ሰው እስኪሞላ ሲቆም፣ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ሲወርድብን፣ ነጠላዋን አርሳ ፔርሙዙ ላይ ጠመጠመችበት። ከመኪናው እንድወርድ አልፈቀደችልኝም። ሙዝ ላጠች፣ አበላችኝ፣ የወደቅሁበት በየት በኩል እንደሆነ ግን አልጠየቀችኝም። እኔም አላሳየኋትም። ከዚያ ዳገቱን ስንያያዘው በመስኮቱ ቀዝቃዛ አየር ገባ፤ ያኔ ትከሻዋ ወረድ አለ።

ጌጫ ስንደርስ ዝናብ ያካፋል። እኅቴ የልጄን ፊት በሁለት እጇ ዳብሳ ወፍረሻል አለቻት። መድኃኒቱ የት ይደር ሲባል፣ ወንበር ላይ እንኳን ሳንቀመጥ፣ እኅቴ መዳፏን ግድግዳው ላይ አድርጋ ቤቱን ዞረች። ምድጃውን አለፈች፣ መኝታውን አለፈች፣ ከማር እንስራዋ ኋላ ያለውን ጥግ ስትደርስ ቆመች። «እዚህ ጋ እጄ ይበርዳል» አለች። ልጄም የራሷን እጅ አደረገችበት። ትንሽ ሸክላ ድስት ተገኘ፤ ብልቃጡን አስገብታ ከደነችው።

ሲነጋ ወደ ጓሮ ወጣን። አንደኛው እንሰት አብቧል። አናቱ መሐል ተሰንጥቆ ትልቁ ቡቃያ ጎንበስ ብሎ ወጥቷል። እኅቴ በእጇ እስክትደርስበት ድረስ አልነገርናትም። ነካችው፣ ዙሪያውን ዳሰሰችው፣ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«ይኼኛው ሄዷል። ያኛውስ?» አለች።

ያኛው ገና ነበር። ከሰዓት ሳይደርስ ቆረጥነው። ሴቶቹ መጡ፣ ጣውላው ዘንበል ተደርጎ ተተከለ፣ ቅጠሉ መሬት ላይ ተነጠፈ። እኔ መቀመጥ የለም፤ ከዚህ እዚያ እየዞርኩ አዛለሁ። ልጄ በቀትሩ መኪና ልትመለስ ነበር። ጫማዋን አውልቃ የቀርከሃ መፋቂያ ያዘች፤ ተንሸራታ በቂጧ ተቀመጠች። አንዷ ሴት፣ ሱቋ ውስጥ ይኼን ዓይነት ጨርቅ የለም መሰል አለች። ሁሉም ሳቁባት፤ እሷም ሳቀች፤ መኪናው አለፈ። የተፋቀው ግን ከወትሮው እኩሌታ ነው። ዘንድሮ እኅቴ ከጎረቤት ትበደራለች።

ፀሐይ ስትጠልቅ ልጄ ጥጉ ገብታ ድስቱን ከፍታ ብልቃጡን በመዳፏ ይዛ ቆየች። ከዚያ መርፌውን ወጋችኝ። ነገ ሄዳ ወሩ ሳይሞላ ተመልሳ እንደምትወስደኝ ነገረችኝ። እሺ አልኳት፤ ከልቤ ነው።

እሷ እጇን ልትታጠብ ስትወጣ፣ እግሬ ደጃፉ ላይ አደረሰኝ። ደመናው በማሻ በኩል ተገልጧል። ማሻ ላይ ደግሞ አንዲት የወንድሜ ልጅ አለች፣ ወልዳለች ብለውኝ ሳላያት የቀረሁ። ብርዱም እዚያ ይብሳል፤ ለመድኃኒቱ መልካም ነው። እኅቴን የማሻው መኪና ጠዋት በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ ዝግ ብዬ ጠየቅኋት። ነጠላዬን ጫፉን ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተችኝ።

«ቁጭ በይ» አለችኝ። «የቆጮው ጉድጓድ ገና አልተከደነም።»