ፊደል የገደፈው ማን ነው

ታናሽ ወንድሜ ዕድሜውን ሁሉ ድጓ ሲያስተምር የኖረ ነው። ከእኔ በቀር አገሩ በሙሉ አንቱ ይለዋል። ደብረ ታቦር የምታስተምረው የልጅ ልጄ፣ ድምፁ ሳይደክም ይቀመጥ ብላ በኮምፒውተሯ ቀዳችው። ቅጂው በየስልኩ ሲዞር ለካ በየመሀሉ ጠሽ እያለ ይቆራረጣል፤ አንድ ቦታማ ፊደሉን ጨርሶ ውጦታል። ወዲያው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ "የኔታም መግደፍ ጀመሩ" ተባለ። ወንድሜም ተማሪዎቹ ፊት ድምፁን ዝቅ ማድረግ አመጣ። እኔ ነደደኝ። ማሽን በበላው ፊደል ሰው አይታማም።

"እምዬ፣ ድምፅ ወደ ወፍጮ እንደሚወርድ እህል ነው" አለችኝ የልጅ ልጄ። "ኮምፒውተሩ ለአፍታ ወደ ሌላ ሥራ ከዞረ ይፈሳል።"

"እንግዲያው ዓይኑ የማይቃብዝ እንግዛ።"

ሱቅ ሄድን። ሻጩ ስስ፣ የሚያብረቀርቅ አወጣልን። "እማማ፣ ይኼ ፈጣን ነው። ፊልም ቢሉ፣ ዘፈን ቢሉ..." ብሎ አንድ ዘፈን ከፈተ። ጥርት ብሎ ተሰማ።

"ይኼ እኮ ቀድሞ የተቀዳ ነው" አልኩት። "አንበሳሜ ገበያ በቅሎ ስገዛ ባዶዋን ስትሮጥ አይቼ አልገዛም። አስጭኜ ዳገት አስወጣታለሁ።"

"በቅሎና ኮምፒውተር አንድ ሆኑ?"

"ሁለቱም ሲጫኑ ነው የሚታወቁት።"

የልጅ ልጄ እየሳቀች ማይክራፎን የሚሰካባትን ትንሽ ሳጥን ከቦርሳዋ አውጥታ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘቻት። እኔ አንጎራጎርኩ። ፈጣን የተባለው እየጋለ ሄደና ጠሽ አለ። ኢንተርኔቱን ዘጋችለት፤ ተሻለው እንጂ አልዳነም።

"ምናልባት የእርስዎ ድምፅ ይሆናል" አለ ሻጩ።

"እንደ ወንድሜ እኔንም ልታሳማ ነው? ያንን ወፍራሙን አምጣ።"

"እሱ እንኳ ያገለገለ ነው፣ እማማ።"

"እኔም ያገለገልኩ ነኝ፤ አምጣው።"

ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አንጎራጎርኩበት። መልሰን ስንሰማው አንድም ቦታ አልተቆረጠም። ይህኛው ሲሠራ አይግልም፤ ጌጥ የለውም፤ የያዘውን አይለቅም። እሱን ገዛን።

በማግስቱ ወንድሜን ማይክራፎኑ ፊት አስቀመጥነው። የታማበት ቦታ ሲደርስ ትንፋሼን ያዝኩ። ፊደሉ ሙሉ ሆኖ ወጣ። ደስታዬን ሳልጨርስ ግን ጥቂት መስመር ወረድ ብሎ ራሱ አንዲት ፊደል ዘለለና ዜማውን አቋረጠ።

"አይጨነቁ፣ የኔታ" አለች የልጅ ልጄ። "እሷን ቆርጬ አወጣታለሁ፤ ማንም አያውቅም።"

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። "ምን ትያለሽ፣ እታለም?"

"ይህቺ ያንተ ናት" አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ ወደ ማይክራፎኑ ጠጋ ብሎ፣ "እዚህ ላይ ገድፌያለሁ" አለ፤ መስመሩንም ከመጀመሪያው፣ በድሮው ድምፁ፣ ከፍ አድርጎ አዜመው። እንዳይቆረጥ ብሎ አስጠነቀቀን። ዛሬም በየስልኩ የሚዞረው እንደዚያው ሆኖ ነው።